«ከ200 ግራም በታች» የሞተ ዝሆን የለም

የሪቮልቨር ሽጉጥ እጀታ በአንድ ቪት ይፈታል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ግን እጀታው ላይ የተገጠመውን የዝሆን ጥርስ የዕቃው ቋሚ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ክብደቱ ከ200 ግራም ካነሰና ሌሎች ጥቂት መስፈርቶችን ካሟላ ከነሽጉጡ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት እንዲሸጥ በር ይከፍትለታል። ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ለእኛ አገር አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ቴክሳስ ያለ አንድ ጡረተኛ የሽጉጡን እጀታ ከእንጨት ወደ ዝሆን ጥርስ ቢቀይር ለባቢሌ ምኗ ነው? ለማጎስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን «ምንም» አይደለም። ኢትዮጵያ የዝሆን ጥርስ ክምችቷን አውጥታ በእሳት ካነደደች ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ዋሽንግተን ለሽጉጥ እጀታ የሚበቃ ቀዳዳ በደንብ አጽድቃለች። ድሃው ያለውን ሲያቃጥል ሀብታሙ ትንሿን ለራሱ አስቀረ። «ትንሿ» የምትባለው ነገር ደግሞ ትንሽ አይደለችም።

እጀታው ምን ይሠራል?

ኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ የነበረው የኮልት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1873 ለአሜሪካ ጦር ያቀረበውን ሪቮልቨር በካውቦይ ፊልም ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። «ሲንግል አክሽን» የተባለው ምላጩ አንድ ሥራ ብቻ ስላለው ነው። ተኳሹ በእያንዳንዱ ጥይት መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ መሳብ አለበት፤ ምላጩ የተሳበውን መዶሻ ከመልቀቅ በቀር ሌላ ነገር አያደርግም።

የእጀታው ቅርጽ ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው። ከ1851ዱ የኮልት ሞዴል የተወረሰ ጎበጥ ያለ ቅርጽ ነው። ሽጉጡ ሲተኮስ መዳፍ ውስጥ ወደ ላይ ይንከባለላል፤ መዶሻውም ራሱ ወደ አውራ ጣት ይቀርባል። ልብ በሉ፤ ይህን የሚያደርገው ቅርጹ ነው እንጂ እጀታው የተሠራበት ቁስ አይደለም። የአሜሪካ ጦር የተረከበው ተራ የዋልነት እንጨት እጀታ ያለውን ነበር። ቆየት ብሎ ፋብሪካው ለሲቪል ገዢዎች የጠንካራ ጎማ እጀታ አመጣ። ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል።

እጀታ መቀየር ዛሬ በአሜሪካ የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሁለት ዓይነት እጀታ አለ። አንደኛው ሁለቱ ጎኖቹ ከመሃል ባለ እንጨት ጋር ተጣብቀው አንድ ወጥ የሆኑበት ነው፤ እሱን ለማውጣት የሽጉጡን የኋላ ብረት የያዙትን ቪቶች መፍታት ግድ ይላል። ሁለተኛው ሁለት ልጥፍ ጎኖች ያሉት ነው፤ አንድ ቪት ከግራ ወደ ቀኝ ያልፍና ሁለቱን አጣብቆ ይይዛቸዋል። ይህኛው በአንድ ካቻቪቴ በደቂቃ ይወልቃል።

መልሶ መግጠሙ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የእጀታው ብረት ፋብሪካ ውስጥ በእጅ ስለሚስተካከል አንዱ ሽጉጥ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ስለዚህ ለብቻው የሚሸጥ እጀታ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ገዢው ብረቱን በፕላስተር ሸፍኖ ትርፉን በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት እየቀነሰ ያስተካክለዋል። ጣት ሲያልፍበት ብረቱ የት እንዳለቀና እንጨቱ የት እንደጀመረ ካልታወቀ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሥራ ጋር ማንም ጠብ የለውም። እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ወፈር ያለ እጀታ ቢፈልግ መብቱ ነው። ዋልነት አለ፣ ጎማ አለ፣ የከብት ቀንድ አለ፣ ለዓይን ከዝሆን ጥርስ የማይለይ ፕላስቲክም አለ። ጥያቄው የሚነሳው ከዚህ ሁሉ መሃል የዝሆን ጥርስ ለምን ተመረጠ ሲባል ነው።

በሥራ ከሌሎቹ በልጦ አይደለም። የዝሆን ጥርስ እርጥበት ይስባል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዕድሜ ብዛት በቁመቱ ይሰነጠቃል። ቪቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ የተኩሱን ግፊት የሚቀበል ደካማ ቦታ ነው። አንዳንድ ወዳጆቹ «ላብ ሲነካው እጅ ላይ ይይዛል» ይላሉ። ይሁን። የተቦረቦረ ዋልነትም ይይዛል፤ ዋልነት ደግሞ ከዛፍ ይገኛል።

የሚቀረው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ መታየት።

የፕሬዚዳንቱና የጄኔራሉ ሽጉጥ

ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት፣ በ1880ዎቹ፣ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ ኮልት ነበራቸው። እጀታው የዝሆን ጥርስ ሲሆን የስማቸው መነሻ ፊደላት ተቀርጸውበታል። ጄኔራል ጆርጅ ፓተንም ገና ወጣት መኮንን ሳሉ፣ በ1916፣ ኤል ፓሶ ላይ የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለው ኮልት ገዙ። በዚያው ዓመት የፓንቾ ቪላን ሰዎች ለማደን ሜክሲኮ ሲገቡ ይዘውት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ከወገባቸው አልተለየም። ጋዜጠኞች እጀታው የዕንቁ ቅርፊት ነው ብለው ሲጽፉ ጄኔራሉ እንደ ስድብ ይቆጥሩት ነበር። የእሳቸው የዝሆን ጥርስ ነዋ!

የጄኔራሉ ቁጣ ነገሩን ሁሉ ይገልጠዋል። ዕንቁም ሆነ የዝሆን ጥርስ፣ ጥይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ አይቀይርም። የሚቀይረው ሰው ባለ ሽጉጡን የሚያይበትን ዓይን ነው። እጀታው እንደ ትከሻ ላይ ኮከብ ማዕረግ ሆኗል። ዛሬ እጀታ የሚቀይረው ሰው የሚገዛውም ይህንኑ ማዕረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ግጥምጥሞሽ አለ። በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ መልዕክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ንጉሠ ነገሥቱ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከላኳቸው ስጦታዎች መካከል አንበሶችና የዝሆን ጥርሶች ነበሩበት። የሩዝቬልት ሽጉጥ እጀታ ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ የሚቀድም ስለሆነ ከኢትዮጵያ ጥርስ ተሠራ ማለት አይቻልም። ግን ሁለቱ ነገሮች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በዚያ ዘመን ዝሆን ማለት ለአፍሪካ ንጉሥ ስጦታ፣ ለነጋዴ ሸቀጥ፣ ለአሜሪካ ባለጸጋ ጌጥ ነበር።

የሸቀጡ መጠን ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ ከሃርትፎርድ ተነስቶ የኮነቲከትን ወንዝ ወደ ታች መከተል ይበቃል። ወንዙ ወደ ባሕር ሲቃረብ ዲፕ ሪቨር የምትባል ከተማ አለች፤ አጠገቧ ያለችው መንደር ስሟ ራሱ «አይቮሪተን» ነው፤ የዝሆን ጥርስ ከተማ እንደማለት። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ የአሜሪካ ፒያኖዎች ነጭ ቁልፎች የሚቆረጡት በዋናነት እዚያ ነበር። ጥርሱ የሚመጣው በአብዛኛው በዛንዚባር በኩል ሲሆን፣ ከመሃል አፍሪካ እስከ ባሕሩ ዳርቻ በሰው ትከሻ፣ ብዙውን ጊዜም በባሪያ ትከሻ ተጭኖ ነው። አንድ የፒያኖ ቁልፍ ልጥፍ ስስ ናት። ሁሉም ሲደመር ግን የመንደር ስም እስከ መሆን ደረሰ።

እጀታ ዘር ያጠፋል

«እጀታ ትንሽ ነገር ነው፤ በእጀታ ምክንያት እንስሳ አይጠፋም» የሚል ካለ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ድረስ ይመልከት።

ጃምቢያ የሚባለው የየመን ወንዶች ጩቤ ክብሩ ከስለቱ ይልቅ እጀታው ላይ ነው። ከእጀታዎች ሁሉ የተከበረው የአውራሪስ ቀንድ ነበር። በ1970ዎቹ በነዳጅ ገንዘብ የበለጸገችው ሳዑዲ ዓረቢያ ለየመን ሠራተኞች ሥራ ሰጠች፤ ሠራተኞቹም ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። ድሮ የመኳንንት ብቻ የነበረው የቀንድ እጀታ ብዙ ሰው የሚደፍረው ዕቃ ሆነ። በ1970 ገደማ አፍሪካ ውስጥ ወደ 65,000 የሚገመት ጥቁር አውራሪስ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቀረው 2,400 ገደማ ነው። የሩቅ ምሥራቅ የባህል መድኃኒት ትልቅ ድርሻ አለበት፤ የጩቤ እጀታ ግን ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በሰፊው የተመዘገበ ነው።

እያንዳንዱ የመናዊ የገዛው አንድ እጀታ ነው። አንዳቸውም አውራሪስ ገደልሁ ብለው አያስቡም። የእጀታ ነገር እንዲህ ነው፤ ጥፋቱ ስለሚከፋፈል ጥፋተኛ አይገኝም። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ግራምም ቢያብር ዝሆን ይጥላል።

ዝሆኑንም ጥሎታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአፍሪካ ዝሆን ቁጥር 1.3 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ ጠፋ። በጥቅምት 1989 ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ የአፍሪካ ዝሆንን ከፍተኛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መደብ ውስጥ አስገባው፤ ውሳኔው ከጥር 18 ቀን 1990 ጀምሮ ጸና። ለጥቂት ጊዜ ተንፈስ ተባለ። ከዚያ እልቂቱ ተመለሰ። በ2016 ይፋ የሆነው ታላቁ የዝሆን ቆጠራ በ18 አገሮች 352,271 የሳቫና ዝሆን ቆጥሮ፣ ከ2007 እስከ 2014 ባሉት ሰባት ዓመታት ብቻ ቁጥሩ በ30 በመቶ መቀነሱን አስታወቀ።

ቀዳዳው እንዴት ተከፈተ?

በመጋቢት 2007 ዓ.ም ኢትዮጵያ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ውስጥ አቃጠለች። ከአራት ወር በኋላ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ናይሮቢ ላይ ሆነው አሜሪካ የዝሆን ጥርስ ንግድን ከሞላ ጎደል ልትዘጋ መሆኑን አስታወቁ፤ በማግስቱም አዲስ አበባ ገቡ። በሚያዝያ 2016 መጨረሻ ደግሞ ኬንያ 105 ቶን አነደደች። ለድሃ አገር ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በገንዘብ ቢተመን ስንት የጥበቃ መኪና፣ ስንት የጠባቂ ደመወዝ ይወጣው ነበር! የተቃጠለው ለዓለም አንድ ነገር ለመንገር ነው፤ ይህ ነገር ከእንግዲህ ዋጋ የለውም።

ኬንያ ካነደደች በአምስተኛው ሳምንት የአሜሪካው ደንብ ታትሞ ወጣ፤ ከሐምሌ 6 ቀን 2016 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ለእውነት ያህል፣ በአመዛኙ ጠንካራ ደንብ ነው። ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚደረገውን ሽያጭ በአብዛኛው ዘግቷል። ሁለት በር ግን ተወ። አንደኛው ከ100 ዓመት በላይ ለሆኑ ቅርሶች ነው። ሁለተኛው ከ200 ግራም በታች የዝሆን ጥርስ ላለባቸው ዕቃዎች ነው። ጥርሱ የዕቃው ቋሚ አካል መሆን፣ ከዕቃው ይዘት ግማሹን አለመብለጥ፣ የዋጋው ዋና ምንጭ አለመሆን፣ በሕጋዊ መንገድ ቀድሞ የገባ መሆን አለበት፤ ዕቃውም ደንቡ ከመጽናቱ በፊት የተሠራ መሆን አለበት። 200 ግራም የሚለው ልክ ሲወሰን የፒያኖ ቁልፎችን፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችን፣ የዝሆን ጥርስ እጀታ ያላቸውን ሽጉጦችና ቢላዎች ታሳቢ እንዳደረገ ደንቡን ያወጣው መሥሪያ ቤት ራሱ ገልጿል።

ፒያኖና ሽጉጥ ግን አንድ አይደሉም። ከፒያኖ ላይ ነጮቹን ልጥፎች ለማንሳት ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ቢነሱ መሣሪያው መልኩ ይበላሻል። ከሪቮልቨር ላይ እጀታ ለማንሳት ካቻቪቴ ይበቃል፤ ቢነሳ ሽጉጡ አንዳች አይጎድልበትም። ሙሉ የእጀታ ገበያ የቆመው እጀታ የሚነጠል ነገር በመሆኑ ላይ አይደለም እንዴ? ሰብሳቢው ሲገዛ «እጀታ ለብቻው የሚለዋወጥ ዕቃ ነው» ይላል፤ ሲሸጥ ደግሞ «የሽጉጡ አካል ነው» ይላል። ከሁለት አንዱን ይምረጥ።

መዘዙ ከቃላት ክርክር ያልፋል። እጀታ ቀን አልተጻፈበትም። የሽጉጡ ብረት ተከታታይ ቁጥር ስላለው መቼ እንደተሠራ ይታወቃል፤ እጀታው ግን ቁጥር የለውም። በ1880 የተሠራ ሽጉጥ ላይ ትናንት የተቆረጠ ጥርስ ቢገጠም የሽጉጡ ዕድሜ ለእጀታው ይተላለፋል። ጥርሱን ማስረጀት ደግሞ ቀላል ነው፤ ሻይ ውስጥ መንከር የታወቀ ዘዴ ነው። በ2012 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ የአፍሪካ ጥበብ ዕቃ ነጋዴ ጥፋተኛነቱን ያመነበት ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። የተያዘበት የዝሆን ጥርስ አንድ ቶን ያህል ነበር፤ አዲሱ አሮጌ እንዲመስል ቀለም እንዲነከር አድርጎ ነበር ያስገባው። አንድ ቶን ቅርጻ ቅርጽ በዚህ መልኩ ካለፈ መዳፍ የማትሞላ እጀታን ማን ይለያታል?

ሦስቱ ሰበቦች

የሽጉጥ ባለቤቶች ማኅበር፣ ናሽናል ራይፍል አሶሴሽን፣ እገዳውን አጥብቆ ተዋግቷል። እሱም ሆነ ሰብሳቢዎች የሚያቀርቧቸው መከራከሪያዎች በሦስት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው «ዝሆኑ ድሮ ሞቷል» የሚለው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተን ዝሆን ሽያጭ መከልከል አያስነሳውም ይላሉ። እውነት ነው፣ አያስነሳውም። ችግሩ ገበያ ላይ ያለው ጥርስ ሁሉ ድሮ የሞተ ዝሆን ነው ተብሎ መታመኑ ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቱሬ ሰርሊንግ የተመራው ቡድን ከ2002 እስከ 2014 በተለያዩ አገሮች ከተያዙ ትላልቅ ጭነቶች ናሙና ወስዶ በካርቦን መጠን ዕድሜውን ለካ። 90 በመቶ ያህሉ የተገኘው ከመያዙ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከሞቱ ዝሆኖች ነው። በድብቅ የሚነግደው ሰው የአያቱን ሳጥን እያራገፈ አይደለም ማለት ነው። ሕጋዊው የአሮጌ ጥርስ ገበያ ሳይፈልግም ቢሆን ለአዲሱ መደበቂያ ይሆነዋል።

ሁለተኛው «ትንሽ ነው» የሚለው ነው። የዝሆን ጥርስ ስሙ እንደሚለው ጥርስ ነው። ሲሶ ያህሉ የራስ ቅል ውስጥ የተቀበረ ነው። እንደ አጋዘን ቀንድ ረግፎ አይተካም። አዳኙ ሙሉውን ለማውጣት የዝሆኑን ፊት በመጥረቢያ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ወደ ኪሎ፣ ኪሎው ወደ ግራም ይመነዘራል። ዝሆኑ ግን በግራም አልሞተም። ሲሞት ሙሉ ሞቷል፤ እናት ከሆነችም ግልገሏን ይዛ ሞታለች። «ከ200 ግራም በታች» የሚባል ልክ ያለው ሱቅ ውስጥ እንጂ ጫካ ውስጥ አይደለም።

ሦስተኛው «ንብረቴ ነው፤ ዋጋዬን አታሳጡኝ» የሚለው ነው። ከሦስቱ ሐቀኛው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሐቀኛ መልስ ይገባዋል። ማንም ከማንም ቤት እጀታ አይወስድም። መያዝ አልተከለከለም፣ ለልጅ ማውረስም አልተከለከለም። የሚጠየቀው አትሽጥ ነው። ሽጉጡን መሸጥ የፈለገ ሰው ቪቱን ፈትቶ፣ ዋልነት ገጥሞ፣ ሽጉጡን ይሽጥ። ያ ሁሉ የእጀታ ሙያ፣ ያ ሁሉ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ይከስራል ወይ? አዎን፣ ጥቂት ይከስራል። ኢትዮጵያም 6.1 ቶን ስታቃጥል ከስራለች።

«እንግዲያው ከበረዶ ዘመን የተረፈውን የማሞዝ ጥርስ እንጠቀም» የሚሉም አሉ። እንስሳው ከሺዎች ዓመታት በፊት የጠፋ ስለሆነ ሐሳቡ ንጹሕ ይመስላል። የማሞዝንና የዝሆንን ጥርስ መለየት የሚቻለው ግን ተሻግሮ በተቆረጠ ገጽ ላይ የሚታዩት መስመሮች በሚሠሩት ማዕዘን ነው፤ የማሞዙ ጠባብ፣ የዝሆኑ ሰፊ ነው። በቁመት የተሰነጠቀና የተወለወለ እጀታ ላይ ይህን ማየት አስቸጋሪ ነው። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ካሊፎርኒያ በየራሳቸው ሕግ ማሞዙንም የጨመሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የእኛም ቤት

ይህን ሁሉ ብሎ የራስን ቤት መዝለል ግን ነውር ነው።

በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎች ጭኖ ከታጁራ ሸዋ ገባና ለንጉሥ ምኒልክ ሸጠ። በዚያ ዘመን ከአገር ወጥቶ መሣሪያ ከሚያስገባው ሀብት ዋነኛው አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። አድዋ ላይ ከተተኮሰው ጠመንጃ ምን ያህሉ በዝሆን ደም እንደተገዛ ማንም አይቆጥረውም። ይህ ግን አገር ለማዳን የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ከወገብ ላይ ጌጥ ጋር አይወዳደርም።

የሚወዳደረው ሌላው ነው። የአባቶች ጎራዴና ሾተል እጀታ ብዙ ጊዜ የአውራሪስ ቀንድ ነበር። ዝሆን የጣለ ሰው ይፎክር፣ ይሸለም፣ ይዘፈንለት ነበር። አውራሪስን ዛሬ ኢትዮጵያዊ ሕፃን የሚያውቀው በሥዕል ነው። የየመኑን ጩቤ፣ የቴክሳሱን ሽጉጥ የሚወቅስ አፍ የጎንደሩንና የሸዋውን ጎራዴ ዝም ማለት የለበትም። በሽታው አንድ ነው፤ የመሣሪያን ክብር ከሞተ እንስሳ ላይ መፈለግ።

ደግሞም ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ባቢሌ ከ1970 ጀምሮ የዝሆን መጠለያ ተብላ ተከልላለች፤ ዝሆኖቿ ግን በሰፈራና በአዳኝ መሃል ተጨንቀው ነው የሚኖሩት። በ2012 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ ስምንት ዝሆኖች ተገድለዋል፤ ጥርሳቸውም ተወስዷል። ያ ጥርስ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። መስቀል ሆኖ ይሆናል፣ አምባር ሆኖ ይሆናል፣ እጀታ ሆኖም ይሆናል።

ከዝሆን ጥርስ የተጠረበ መስቀል ወይም የአንገት ጌጥ ሻንጣው ውስጥ ሸጉጦ በቦሌ የሚወጣ ዲያስፖራም «ትንሽ ናት» ነው የሚለው። ከሰብሳቢው የሚለየው ግራሙ ብቻ ነው። ወደ አሜሪካ ማስገባቱ ደግሞ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ለንግድ ባይሆንም እንኳ ክልክል ነው።

ቪቱን ፍቱት

ታዲያ ምን ይደረግ?

የአሜሪካው ደንብ የሽጉጥና የቢላ እጀታን ከ200 ግራሙ በር ማስወጣት አለበት። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የዝሆን ጥርስ እጀታ እንደነበረው በኮልት የድሮ መዝገብ የተረጋገጠ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሽጉጥ በቅርስነት በሌላኛው በር ይሂድ፤ የሩዝቬልት ሽጉጥ ሙዚየም ውስጥ ቢቀመጥ የሚከፋው የለም። ከዚያ ወዲህ የተገጠመው ግን ጌጥ ነው፤ የሚፈታም ጌጥ ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ፈጠራ አያስፈልግም። ብሪታንያ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከ1947 በፊት ያልተሠራና ጥርሱ ከይዘቱ 10 በመቶ ያልበለጠ ካልሆነ ተራ ዕቃ አይሸጥም ብላለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ መቶ ዓመትና 5 በመቶ ብላለች። ሁለቱም ጋ ዛሬም ሽጉጥ ሰብሳቢ አለ፤ አልጠፋም።

በእኛ በኩል ደግሞ 6.1 ቶን ያነደደ አገር የጌጥ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንዲት አምባር ሲያይ ማለፍ የለበትም። የእሳቱ ትርጉም በፎቶ አያልቅም። የሚገዛም፣ የሚሸጥም፣ በሻንጣ የሚያወጣም በሕግ ይጠየቅ። ክርስቲያኑም መስቀሉን ከእንጨት ቢያስጠርብ ክብሩ አይቀንስም፤ የመጀመሪያው መስቀልም እንጨት ነበር።

የሽጉጥ እጀታ በዋልነት ሲሠራ መቶ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፤ ጥይቱም ዒላማው ጋ ለመድረስ ዝሆን ጠይቆ አያውቅም። ቪቱ አንድ ነው። መፍታት የሚፈልግ ሰው ካቻቪቴ አያጣም።